ናና ስቫርትዝ፦ የብርቱካናማው ኪኒን ባለቤት

ከማኅበራችን አባላት መካከል ሐኪሞች አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚሉት የትልቁ አንጀት ቁስለት ያለባቸው እህቶች አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። አንደኛዋ ግን ስለምትወስደው መድኃኒት አንድ ነገር እንድጽፍ ራሷ ጠይቃኛለች። መድኃኒቱ ሰልፋሳላዚን ይባላል፤ ቢጫ ሆኖ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ኪኒን ነው። ማን እንደሠራው ስፈልግ ያገኘሁት ሴት ሐኪም ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ደግሞ በእኛ መጽሔት ካልወጣ የት ይወጣል? ስለዚህ የሐኪሟን ሕይወትና የኪኒኑን አወሳሰድ አያይዤ አቅርቤዋለሁ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ስለ አወሳሰዱ የምጽፈው ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ለበሽተኛ ሁሉ የሚናገሩትን ነው፤ የእያንዳንዷን መጠን የሚወስነው የራሷ ሐኪም ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ናና ስቫርትዝ የተወለዱት ጁላይ 25 ቀን 1890 ስዊድን ውስጥ ቬስተሮስ በምትባል ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የአራት ዓመት ከተማ ነበረች፤ ሀገራችንንም ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ ይዟት ነበር። ስዊድን ለእኛ ሰፈር ሰው ሩቅ አገር አይደለችም። እዚሁ ልደታ ያለው የሕንፃ ኮሌጅ በ1954 ሲቋቋም ስሙ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነበር፤ ከጌጃ ሰፈር በእግር የሚደረስበት ነው። ስዊድን ግን ያኔ ዛሬ የምናውቃት ሀብታም አገር አልነበረችም፤ ብዙ ሕዝቧ በድህነት ምክንያት ወደ አሜሪካ ይሰደድ ነበር።

ናና በ1911 ስቶክሆልም በሚገኘው ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ሕክምና መማር ጀመሩ፤ የሐኪምነት ፈቃድ ያገኙት በ1918 ነው። ሰባት ዓመት ማለት ነው። በተመረቁበት ዓመት ኒልስ ማልምበሪ የተባለ ሐኪም አገቡ፤ ባለቤታቸው የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ እሷም ኋላ ሐኪም ሆናለች። ናና ካገቡም በኋላ በሥራቸው የታወቁት ስቫርትዝ በሚለው በአባታቸው ስም ነው። ለእኛ ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ ፈረንጅ አገር ግን በዚያን ዘመን ብዙም አልተለመደም።

መማሩ አንድ ነገር ነው፤ ሥራ ማግኘቱ ደግሞ ሌላ። አንዲት ስዊድናዊት ሐኪም ሆና ብትመረቅም የመንግሥት ኃላፊነት ቦታ መያዝ አትችልም ነበር። ሴቶች አብዛኛውን የመንግሥት ሥራ እንደ ወንድ ተወዳድረው እንዲይዙ የፈቀደው ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በ1925 ነው። ናና ያኔ ዕድሜያቸው 35 ሆኗል። እስከዚያ ድረስ ስቶክሆልም ውስጥ ሴራፊመር በሚባለው ሆስፒታልና በላቦራቶሪ ሲሠሩ ቆዩ። በ1927 ዶክትሬታቸውን የያዙት በአንጀት ውስጥ ስለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ባደረጉት ጥናት ነው። የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ ያለን ባክቴሪያ በአጉሊ መነጽር እያዩ ዓመታት መቀመጥ ብዙ ሰው የሚመኘው ሥራ አይደለም። ይህንን ጥናት አስታውሱት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1937 በካሮሊንስካ የውስጥ ደዌ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በስዊድን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በፊት ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ የተባሉ ሩሲያዊት የሂሳብ ሊቅ ስቶክሆልም ውስጥ ፕሮፌሰር ሆነው ነበር፤ ያ ትምህርት ቤት ግን የመንግሥት አልነበረም። (ሂሳብ ስለሆነ ነው ያነሳሁት፤ ይቅርታ።) የናና ሹመት ለእኛ አገር መከራ በሆነው ዓመት የመጣ ነው፤ የካቲት 12 የተፈጸመው በዚያው በ1937 ነው። ስዊድኖች በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያን በደንብ ያውቋት ነበር፤ በቀይ መስቀል ሥር የላኩት የሕክምና ቡድን በ1935 መጨረሻ መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድቦ አገሩ ሁሉ ተቆጥቶ ነበር።

አሁን ወደ ኪኒኑ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ፔኒሲሊን ገና በሽተኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ባክቴሪያን የሚገድሉት ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች ነበሩ። ናና የሚያክሟቸው ብዙ ሰዎች ጣትና ጉልበታቸው አብጦ የተጣመመ የቁርጥማት በሽተኞች ናቸው። በሽታው ከባክቴሪያ የመጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ለሕመምና ለእብጠት ደግሞ የአስፕሪን ዘመድ የሆነው ሳሊሲሊክ አሲድ እንደሚረዳ ይታወቃል። እንግዲህ ባክቴሪያ የሚገድለውንና እብጠት የሚያበርደውን በአንድ ኪኒን ቢያጣምሯቸውስ? ይህንን ሐሳብ ፋርማሲያ ወደተባለው የስዊድን መድኃኒት ፋብሪካ ይዘው ሄዱ። የፋብሪካው ኬሚስቶች የተለያዩ ውህዶችን ሠርተው ሞከሩ፤ በመጨረሻም ሰልፋፒሪዲን የተባለውን የሰልፋ ዓይነት ከሳሊሲሊክ አሲድ ዘመድ ጋር ያጣበቀው ውህድ ተመረጠ። ሳላዞፒሪን የሚል የንግድ ስም ወጣለት። ሰልፋሳላዚን የምንለው ይኸው ነው። ቀለሙም የመጣው ሁለቱን ካያያዘው ማጣበቂያ ነው፤ ከጨርቅ ማቅለሚያዎች ጋር አንድ ዓይነት ነው።

መድኃኒቱን ለቁርጥማት በሽተኞች ሰጡ፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ለሚያሰቃያቸው የአንጀት ቁስለት በሽተኞችም ሰጡ። በ1942 ውጤቱን ሲያሳትሙ ሁለቱንም አብረው አቀረቡ። ከዚያ በፊት ለዚህ የአንጀት በሽታ ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረም፤ ዕረፍት፣ ለስላሳ ምግብና ደም መስጠት ነበር ሕክምናው፤ ከባሰም አንጀትን ቆርጦ ማውጣት። በ1948 ደግሞ ስለ 124 የአንጀት ቁስለት በሽተኞች ጻፉ። በዚያው ጽሑፍ ሰልፋ ሰውነታቸው ለማይቀበል ሰዎች ከጥቂት ጀምሮ ቀስ በቀስ እያለማመዱ መስጠት ይቻል እንደሆነ መሞከራቸውን ገልጸዋል። ይህ በጣም ደስ ያለኝ ነገር ነው። መድኃኒት የሠራ ሰው መድኃኒቱ የሚጎዳውን ሰው ለመርሳት ይቀናዋል፤ እሳቸው አልረሱም።

ቁርጥማት ከባክቴሪያ ይመጣል የሚለው የናና እምነት አልጸናም። ዛሬ በሽታው ሰውነት ራሱን በራሱ ሲያጠቃ የሚመጣ እንደሆነ ነው የሚታወቀው። በ1940ዎቹ መጨረሻ የስኮትላንድ ሐኪሞች መድኃኒቱን ለቁርጥማት ሞክረው ጠቃሚ አይደለም ስላሉ ለዚያ በሽታ መስጠቱ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተረሳ። በ1970ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር እንደገና ተሞክሮ ጥቅሙ ታየ፤ ዛሬም ለቁርጥማት ይታዘዛል። ለአንጀቱ ግን ሥራውን አላቋረጠም። በ1960ዎቹ ለንደን ላይ ከባዶ ኪኒን ጋር ተወዳድሮ የበለጠ መሆኑ ተረጋገጠ። በ1965 ደግሞ ከሁሉ የሚጠቅመን ውጤት ወጣ፦ ደህና የሆኑ በሽተኞች መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ዓመቱን ሙሉ ሲወስዱ በሽታው የሚያገረሽባቸው ባዶ ኪኒን ከሚወስዱት በጣም ያነሱ ነበሩ።

ይህቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ናት ለእኛ ቤት የጎደለችው። የጠየቀችኝ እህት መድኃኒቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጀምር በሁለት ወር ውስጥ ደሙ ቆመ፣ ክብደቷም ተመለሰ። ድኛለሁ ብላ አቆመች። ገንዘቡንም ለልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ አዋለችው፤ ማን ይፈርድባታል? ከጥቂት ወራት በኋላ በቀን አሥር ጊዜ ትመላለስ ጀመር፤ ሆስፒታል ተኝታ ደም ተሰጣት። መድኃኒቱ እንደ ወባ ኪኒን በሽታውን ገድሎ የሚሄድ አይደለም፤ እንደ ደም ግፊት መድኃኒት ይዞ የሚያቆይ ነው።

ለምን እንደዚህ እንደሚሠራ የታወቀው ናና ጡረታ ከወጡ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1977 ነው። ኦክስፎርድ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ አዛድ ኻን የተባሉ የባንግላዴሽ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሁለቱን የኪኒኑን ክፍሎች ለየብቻ በሽተኞች ላይ ሞከሩ። አንጀቱን የሚያድነው የሳሊሲሊክ አሲዱ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ሰልፋው ሥራው መሸከም ነው፤ ጓደኛውን ሳይዋጥ በትንሹ አንጀት አሳልፎ እስከ ትልቁ አንጀት ያደርሰዋል። እዚያ ሲደርሱ ማጣበቂያውን የሚቆርጠው ማን ይመስላችኋል? በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ናና በ1927 ሲያጠኗቸው የነበሩትን መሰል ማለት ነው። ባክቴሪያ ለመግደል ያሠሩት መድኃኒት ያለ ባክቴሪያ የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሲታወቅ ናና 87 ዓመታቸው ነበር።

ተሸካሚው ሰልፋ ግን በነፃ አይሸከምም። ከተቆረጠ በኋላ ወደ ደም ይገባል፤ ማቅለሽለሹ፣ ራስ ምታቱ፣ ሽፍታው በአብዛኛው ከእሱ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ሐኪም ከጥቂት ፍሬ አስጀምሮ በየጥቂት ቀኑ ይጨምራል፤ ቶሎ ለመዳን ብሎ በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን መዋጥ ሆድን ማስቆጣት ነው። ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንደበሉ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይወሰዳል፤ ኩላሊት ላይ ጠጠር እንዳይሠራ ቀኑን ሙሉ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ሽፋን ያለው ኪኒን አይሰበርም፣ አይታኘክም። ሽንት ብርቱካናማ ቢሆን አትደንግጡ፤ የኪኒኑ ቀለም ነው። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ሰዓቱን እንዴት እንደምታደርጉት አስቀድማችሁ ሐኪማችሁንም የነፍስ አባታችሁንም አማክሩ እንጂ በራሳችሁ የጠዋቱን አትዝለሉ።

ከዚህ በፊት ባክትሪም ወይም ኮትሪሞክሳዞል ወስዳችሁ ሽፍታ የወጣባችሁ፣ አስፕሪን የሚያስነጥሳችሁ ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥራችሁ ካላችሁ ይህን ሳትናገሩ ሰልፋሳላዚን አትጀምሩ። ጎረቤት ለቁርጥማቷ የታዘዘላትን ይህንኑ ኪኒን ብታካፍላችሁም አትቀበሉ። ከጀመራችሁ በኋላ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የአፍ ውስጥ ቁስል፣ የቆዳ ሽፍታ፣ ያለ ምክንያት መበለዝ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የደም ሴሎችንና ጉበትን ይጎዳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በተደጋጋሚ የደም ምርመራ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ደህና ነኝ ብላችሁ ምርመራውን አትተዉት፤ ጉዳቱ በምርመራ የሚታየው ከስሜት ቀድሞ ነው።

ስለ እርግዝናና ስለ ልጅ በተለይ ልናገር። መድኃኒቱ ፎሊክ አሲድ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለማርገዝ የምታስብ ወይም ያረገዘች ሴት ፎሊክ አሲድ እንዲታዘዝላት ትጠይቅ። አርግዣለሁ ብሎ ሰልፋሳላዚን በድንጋጤ ማቆም ግን ትክክል አይደለም፤ በእርግዝና ጊዜ የሚያገረሽ በሽታ እናትንም ፅንስንም ይጎዳል፤ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ እየተከታተሉ እንድትቀጥል ያደርጋሉ። መድኃኒቱን የሚወስደው ባል ከሆነ ደግሞ የዘር ፍሬው ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። ይህ የሚመለስ ነው፤ መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ሲቆም ወይም በሌላ ሲተካ በሁለት በሦስት ወር ይስተካከላል። በሰፈራችን ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው በሴቷ ላይ ብቻ ስለሆነ ይህንን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግሁም።

ከሰልፋሳላዚን ውጪ ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲመጣ ሁላችንም አሜባ ነው እንላለን፤ ሜትሮኒዳዞል ገዝተን እንውጣለን። አሜባም ሊሆን ይችላል። ግን በተደጋጋሚ ወስዳችሁ የማይቆም ከሆነ ሌላ ምርመራ ጠይቁ፤ አንጀቱን በመሣሪያ አይቶ ካልሆነ የማይለይ በሽታ ነው። በተቃራኒውም አደጋ አለ፦ በሽታው ሲብስ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን አሜባ ባለበት አንጀት ላይ ከተሰጠ አንጀትን እስከ መብሳት ሊያደርስ ይችላል፤ ሐኪሙ ዓይነ ምድር ይመርመር ሲል ጊዜ እያባከነ አይደለም። ፕሬድኒሶሎን የጀመረችም በአንድ ቀን አታቋርጠው፤ ሰውነት የራሱን መሥራት ትቶ ስለሚቆይ መጠኑ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ፊት ስላበጠና ክብደት ስለጨመረ ብለው በራሳቸው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ለወገብና ለራስ ምታት የምንወስዳቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ይህንን በሽታ ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት የአንጀት ቁስለት እንዳለባችሁ ተናገሩ። ኮሶም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት ከወሰዳችሁ አትደብቁ።

ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ አንድ ስሌት ላስገባ። ለማቆየት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በቀን 2 ግራም ነው። ኪኒኑ 500 ሚሊግራም ከሆነ በቀን 4 ፍሬ፣ በ30 ቀን 120 ፍሬ ይሆናል። 30 ፍሬ የገዛች ሴት የገዛችው የአንድ ወር ሳይሆን የአንድ ሳምንት መድኃኒት ነው፤ በስምንተኛው ቀን ያልቃል። በቀን አንድ እያደረገች ወር ብታዳርሰው ደግሞ ገንዘቧን አውጥታ በሽታውን የማይዝ መጠን እየወሰደች ነው። ለጠየቀችኝ እህት በደብተር ላይ አራት ዓምድ አስምሬላታለሁ፦ ቀን፣ የተወሰደ፣ የቀረ፣ የሚገዛበት ቀን። ቀሪው 28 ሲደርስ ማለትም ሰባት ቀን ሲቀራት መፈለግ ትጀምራለች፤ አንዱ መድኃኒት ቤት ቢያጣ ሌላው ጋ ለመሄድ ጊዜ አላት። ለጋሾቻችን ይህንን የምታነቡ ካላችሁ፣ ለሕመምተኛ አባል አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በየወሩ 120ውን ፍሬ መሸፈን ይበልጣል።

ናና በፕሮፌሰርነት እስከ 1957 ሠሩ። ከጦርነቱ በኋላ በንጉሥ ጉስታቭ 5ኛ ስም የተቋቋመውን የቁርጥማት ምርምር ተቋም መሩ፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ምርምሩን አልተዉም። ካከሟቸው ታዋቂ ሰዎች አንዷ በስቶክሆልም የሶቪየት ኅብረት አምባሳደር የነበሩት አሌክሳንድራ ኮሎንታይ ናቸው፤ እሳቸውም በዓለም ከመጀመሪያዎቹ ሴት አምባሳደሮች መካከል ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ የሃንጋሪ አይሁዶችን ያዳነው ስዊድናዊው ራኡል ቫለንበሪ በሶቪየት ወታደሮች ተይዞ ከጠፋ በኋላም የናና ስም ከጉዳዩ ጋር ይነሳል። በ1961 መጀመሪያ ለሕክምና ጉባኤ ሞስኮ ሄደው ሳለ አንድ የታወቁ ሩሲያዊ ሐኪም ሰውየው በሕይወት እንዳለ፣ ታሞም በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንደሚገኝ ነገሯቸው። ናና አገራቸው ተመልሰው ለመንግሥት አስታወቁ። ሩሲያዊው ሐኪም ኋላ አላልኩም፣ በጀርመንኛ ስናወራ ተሳስተን ነው ብለው ካዱ። የሁለቱ አገሮች መንግሥታት ተጻጻፉበት፤ ሁለቱ ሐኪሞች ፊት ለፊት እንዲገናኙም ተደረገ። ናና የሰማሁት የሰማሁት ነው ብለው ጸኑ። የቫለንበሪ መጨረሻ ዛሬም በእርግጠኝነት አልታወቀም።

በ1968 የሕይወት ታሪካቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ደረጃ በደረጃ እንደማለት ነው። ከሰልፋው የተለየው የመድኃኒቱ ክፍል ብቻውን ሜሳላዚን ተብሎ ገበያ ላይ ሲውል ለማየት ደርሰዋል። ሰልፋ የማይስማማቸው ዛሬ የሚታዘዝላቸው እሱ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ናና ስቫርትዝ በሜይ 1986 በ95 ዓመታቸው አረፉ። ሰልፋሳላዚን የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዱ አገር ሊኖረው ይገባል ብሎ ከሚዘረዝራቸው መድኃኒቶች መካከል አሁንም አለ።

የጠየቀችኝ እህት ባለፈው ቅዳሜ ደብተሯን አሳየችኝ። ቀሪው 52 ነበር።